«አልወጣችም»፦ የሞርታር አጉራሹ የአባታችን ሕይወት

አባታችን ጦርነቱ ሊጀመር ሃያ ዓመት ያህል ሲቀረው ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በወንዝ ዳር ባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁሉም ሴቶች ስለነበሩ እንደ ዕንቁላል እየተያዙ አደጉ። አያታችን «ይሄ ልጅ አንድም ቀን በር ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም» ይሉ እንደነበር አክስቶቻችን ይነግሩናል። የገዛ ቤታቸውን በር ማለታቸው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። ከትምህርት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሂሳብ ነበር። ይሁን እንጂ ያገኙትን መልስ እያጠፉ ደግመው ደጋግመው ስለሚሠሩት ፈተናው ሲሰበሰብ ወረቀታቸው በላጲስ ተቦጭቆ ይገኝ ነበር። መልሱ ግን ልክ ነበር ይላሉ እሳቸው። ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጦርነቱ ተነሣና ከክፍላቸው ልጆች ጋር ተጠርተው ወደ ማሠልጠኛ ሄዱ።

ሕይወታቸውን ሙሉ ያልለቀቀቻቸውን ነገር የተዋወቁት እዚያ ነው። እሷም የእግረኛው ጦር መካከለኛ ሞርታር ናት። ይህን የምጽፈው እኔ መካከለኛዋ ልጃቸው መሣሪያ ነክቼ አላውቅም፤ ስለ ሞርታር የማውቀው ግን ከሙያዬ ከልብስ ስፌት አያንስም፣ ጠዋትና ማታ እየሰማሁ ነዋ ያደግሁት። ሞርታር ማለት አንድ ቱቦ፣ ቱቦውን ደግፈው የሚያቆሙ ሁለት እግሮች፣ ከሥር ደግሞ የምትቀመጥባት ከባድ ክብ ብረት ናት። ሰዎቹ ተከፋፍለው በጀርባቸው ይሸከሟታል፣ ቅምቡላዎቹን፣ ማለትም ባለ ጅራት ጥይቶቿን፣ ደግሞ ሌላ ሰው ይሸከማል፤ መኪና የማይገባበት ሁሉ በእግር ትገባለች። የእነ አባታችን ምድብ «እትዬ» ብሎ ነበር የሚጠራት። ያጎረሳት ሰው ወዲያውኑ ጎንበስ ማለት ስላለበት ከሩቅ ሲያዩት እጅ የሚነሣት ይመስላልና ነው።

አባታችን አጉራሽ ሆነው ተመደቡ። የምድቡ መሪ «ደፋሩን ለሌላ ስጡት፣ ለእኔ ፈሪ አጉራሽ ይበቃኛል» ብለው እንደመረጧቸው ራሳቸው በኩራት ይነግሩን ነበር። መሪው እውነታቸውን ነው። አጉራሹ ቅምቡላዋን በአፈሙዙ በኩል ይለቃታል፤ ተንሸራታ ወርዳ ከሥር ያለውን መርፌ ስትመታ ተተኩሳ ትወጣለች። አንዳንዴ ግን ትገባና ትቀራለች። በግራ በቀኝ ሌሎች ሞርታሮች ሲያጓሩ ደግሞ የራስህ ተኩስ ከጎረቤትህ አይለይም። አጉራሹ የመጀመሪያዋ የወጣች መስሎት ሁለተኛዋን በላይዋ ከለቀቀባት ምድቡ እንዳለ ያልቃል። ስለዚህ አጉራሹ መውጣቷን በዓይኑ አይቶ «ወጣች!» ብሎ ይጮኻል፤ መሪው «ቀጥል!» ካላለ ሌላ አትገባም። አባታችን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ አንዲትም ጊዜ «ወጣች» ሳይሉ አጉርሰው አያውቁም። ሌሎቹ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ግን ከእሳቸው ጋር መመደብን ሁሉም ይፈልግ ነበር አሉ።

በጦርነቱ የመጨረሻ ወር ምድባቸው እዚሁ ከተማችን ዳር በአንድ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ቦታ ይዞ ነበር። በአንደኛው በኩል ዳገት አለ፣ በሌላኛው በኩል ሜዳ። እትዬ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጋ ስትተኩስ አረፈደች። እንግዲህ በሞርታር ሰው ቋንቋ «ፊቷ» ማለት አፈሙዟ የዞረበት ማለት ነው። አንዲት ቅምቡላ ገባችና ቀረች። አባታችን «አልወጣችም!» ብለው ጮኹ፣ ሰውም ባለበት ደርቆ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ትንሽ ጠብቆ፣ ቱቦውን ከመቀመጫው አላቆ፣ የታችኛውን ጫፍ ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ ማንሣትና ተንሸራታ የምትወጣውን ቅምቡላ አፈሙዙ ላይ በእጅ መቀበል ነው። ቱቦውን ያነሣው የልብ ጓደኛቸው አነጣጣሪው ነው፤ የተቀበሉት አባታችን ናቸው። ይህን ሲያወሩን ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው «ሙቅ ነበረች፣ እንደ ዳቦ» ይሉን ነበር።

ቅምቡላዋን መሬት ካስቀመጧት በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። መሪያቸው ይህን አይተው ቁስለኛ ይዞ ወንዙን ከሚሻገረው ቡድን ጋር ላኳቸው፤ በእሳቸው ቦታ ቅምቡላ ተሸካሚው ገባ። ከሰዓት በኋላ ጦሩ በሙሉ ለቆ ሲወጣ አባታችን ከወንዙ ማዶ መኪና ላይ የተጫነውን አነጣጣሪ አገኙት። ስለ ሌላ ነገር አልጠየቁትም፤ «ያቺን ምን አደረጋችኋት?» አሉት። «ከፊቷ ቀብሬያታለሁ፤ ጥልቅ ነው፣ አትጨነቅ» አላቸው። መኪናው መንገድ ላይ ተመታ። መሪውና አነጣጣሪው እዚያው አረፉ፣ ተሸካሚው ዳሌው ተሰብሮ ተረፈ። ለአባታችን ከጓደኛቸው የቀረላቸው ያ ቃል ብቻ ነው፤ ከቃሉም ውስጥ «አትጨነቅ» የሚለውን አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀሙበትም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በከተማው ዳቦ ቤት ተቀጥረው ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በታማኝነት አገልግለዋል። እዚያም ሥራቸው ማጉረስ ነበር፤ ሊጡን በረጅም እንጨት አካፋ ወደ ምድጃው ማስገባት። የበሰለው ሳይወጣና አንድ ሰው «ወጣ!» ሳይላቸው አዲስ ሊጥ አያስገቡም ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ ተናደዱ፤ በኋላ ግን በእሳቸው ተራ አንድም ዳቦ እንደማያርር ሲያዩ ዝም አሉ። እናታችን በዚያው ዳቦ ቤት የፊት ክፍል ተቀምጠው ዳቦ ይሸጡ ነበር። ምንም ሳይወጣ ከመደርደሪያው ኋላ ሆነው «ወጣ!» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ አባታችን ዱቄት እንደለበሱ ለማረጋገጥ ብቅ ይላሉ። ብቅ ባሉ ቁጥር ትንሽ እየቆዩ መሄድ ጀመሩ፣ ነገሩም በዚሁ ተጠናቆ በሰርግ ተጋቡ።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት የድሮው የጡብ ፋብሪካ ግቢ ለመኖሪያ ቤት ተሸነሸነ። ሰው ሁሉ ወደ ገበያው የቀረበውን ሲሻማ አባታችን ማንም ያልፈለገውን፣ ከፈረሰው የጭስ ማውጫ ሥር ያለውን መሬት ጠየቁና ያለ ተቀናቃኝ ተሰጣቸው። እናታችን በደስታ ሊያዩ ሲመጡ አባታችን ጎንበስ ብለው ሣሩን እየገለጡ መሬት ይዳስሱ ነበር። የእትዬ ክብ ብረት በተኩሱ ክብደት ያሰረጎደችውን የጡብ ንጣፍ አገኙት። ቤታችን የተሠራው በዚያ ላይ ነው። የሳሎናችን ወለል ከመግቢያው አጠገብ ትንሽ የሰረጎደው ግንበኛ አበላሽቶት ሳይሆን እትዬ ቁጭ ብላበት ስለነበረ ነው። እናታችን «እኔ እኮ ጣውንት ላይ ነው የገባሁት» የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልጆቻቸው እንዴት እንዳደግን መናገር ይገባል። ከቤቱ በዳገቱ በኩል ያለው መሬት እትዬ ፊቷን ያዞረችበት ነውና የተከለከለ ነበር። አይቆፈርም፣ ችካል አይመታም፣ የልብስ ማስጫ እንጨት አይተከልም፣ ኳስ ከገባም አባታችን ራሳቸው በእግር ጣታቸው እየረገጡ ገብተው ያመጣሉ። አንድ ቀን ትንሿ እህታችን እዚያ ተቀምጣ በማንኪያ አፈር ስትጭር አገኟት። አንሥተዋት ሲሮጡ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ፤ ጫማውን ለማምጣት እንኳ ማንም አልሄደም። ነጎድጓድ ሲሆን ሁላችንም አባታችንን እናያለን፣ አባታችን ዳገቱን ያያሉ። እኔ እስከዛሬ ሰው ቤት ስጋበዝ ወለሉን ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው፤ ባለቤቴ ጨዋነት ይመስለው ነበር።

በሜዳው በኩል ያለውን መሬት ግን በገዛ እጃቸው ደልድለው ለእኛና ለሰፈሩ ልጆች ሰጡ። ሁለት ወፋፍራም እንጨት ተክለው ዥዋዥዌ ሠሩልን፤ ጉድጓዶቹን የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ወደ ዳገቱ የሚጠጋ ልጅ ካዩ የማንም ይሁን የማን እጁን ይዘው እዚያ ያደርሱት ነበር። «እዚህ ተጫወቱ፣ እዚህ ሰላም ነው» ይሉናል። ሰፈሩ ውስጥ ዛሬ ጎልማሳ ከሆኑት መካከል ይህችን ቃል ያልሰማ የለም።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ በር ላይ አይቆሙም ነበር፤ ጓዳ ሆነው «ወጣች? ወጣ?» እያሉ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፣ እናታችን ከበሩ «ወጣች፣ ወጣ፣ ኧረ ሁሉም ወጡልህ!» ብለው ይመልሳሉ። እኔ በተዳርኩ ዕለት መኪናው ከግቢው ሲንቀሳቀስ ያው ጥያቄ ከኋላዬ ሲሰማ ሚዜዎቼ ሳቁ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ያልሄዱበት መሥሪያ ቤት የለም። ጦሩ ፈርሶ ሌላ ተቋቁሞ ነበርና አዲሶቹ «የእኛ ቅምቡላ አይደለችም»፣ የከተማው ሰዎች ደግሞ «የጦሩ ጉዳይ ነው» ይሏቸዋል። በመጨረሻ አንድ ቡድን ብረት መፈለጊያ ይዞ መጣና ዳገቱን አሰሰ። የጡብ ፋብሪካ መሬት ነውና መሣሪያው በየቦታው ጮኸ። ከቆፈሩባቸው ቦታዎች የወጣው ማጠፊያና የተሰበረ የጋሪ ጎማ ነው። የቡድኑ ኃላፊ «አባት፣ የለችም፤ ይረፉ» አሏቸው። አባታችን «አልወጣችም» ብለው መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ጋሽ አልወጣችም» የሚል ስም አወጣላቸው። ልጆች በበራችን ሲያልፉ «ጋሽ አልወጣችም፣ እንዴት ዋሉ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይቆጡ «ደህና፤ ግን አልወጣችም» ይሉ ነበር።

ከምድቡ በሕይወት የቀሩት ጓደኛቸው፣ እኛ ጋሽ ተሸካሚ የምንላቸው፣ ራቅ ካለ ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጡ ነበር። ዳሌያቸው ስለማይታዘዝላቸው ከሳሎን ወንበር አይነሡም። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። ጋሽ ተሸካሚ «ፊቷን እየጠበቅክ ነው?» ይላሉ። አባታችን «ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም» ይላሉ። «ጎበዝ!» ይሏቸዋል፤ ከዚያ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ያወራሉ። እኛም ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ነበር የሚመስለን።

አባታችን ከሁለት ዓመት ወዲህ በዱቄት ብናኝ የተጎዳው ሳንባቸው አላስተነፍስ ብሏቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በቅርቡም ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል ተኙ። ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣምና የውኃ ቧንቧ ለመዘርጋት በሰፈራችን ቁፋሮ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። መስመሩ ደግሞ የተሠመረው በዳገቱ በኩል ነበር። ሐኪማቸው እንዳይረበሹ አጥብቀው አዘዙን። እሳቸው ግን የኦክስጅን ጭምብላቸውን በጣታቸው ገለጥ እያደረጉ «በየት ነው የሚቆፍሩት?» ይሉናል። ታላቅ ወንድማችን «ገና አልመጡም» ሲላቸው፣ እናታችን «በሌላ መንገድ ነው» ሲሏቸው፣ ሁለቱን መልስ ሲያስተያዩ የልብ ምታቸውን የሚያሳየው ማሽን መጮኽ ጀመረ።

ስለዚህ እኔ የምሠራውን ሠራሁ። የስፌት መኪናዬን ከነጠረጴዛው አስወጥቼ ማሽኑ ሊቆፍርበት ባለው መሬት ላይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ረግጬው በማላውቀው ሣር ላይ ተቀመጥኩና የደንበኞቼን ልብስ መስፋት ጀመርኩ። ሥሬ ያለውን እያሰብኩ መርገጫውን በእግር ጣቴ ጫፍ ነበር የምረግጠው። ፎርማኑ ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፣ አለቃቸው ጋ ደወሉ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና መስመሩን በሜዳው በኩል ለማዞር ተስማሙ። እውነቱን ለመናገር በደስታ ሳምኳቸው። ሆስፒታል ሮጬ «አባባ፣ በሜዳው በኩል ነው!» ስላቸው ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጭንቀታቸው ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር መሰለኝ፣ ሜዳው ላይም ከማሽኑ ሥር አልጠፋ አልኩ። የመቆፈሪያው ባልዲ ብረት በነካ ቁጥር «አቁም! ውረድና እይ!» እላለሁ። ኦፕሬተሩ ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ፣ ሚስማርም ባገኝ ልጥራዎት?» አለኝ። «ሚስማርም ብታገኝ ውረድ» አልኩት። እያጉረመረመ ይወርዳል፣ ዘንግ ወይም የጡብ መቁረጫ ሽቦ አንሥቶ ያሳየኛል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሐሙስ ረፋድ ላይ የዥዋዥዌውን ቦታ ሲቆፍር ባልዲው አንድ ነገር ቧጠጠ። እንደ ልማዱ እያጉረመረመ ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረግ አደረገ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ በጣም በዝግታ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «የእርስዎ ሚስማር ጅራት አላት።»

እዚያ ነበረች። በሁለቱ የዥዋዥዌ እንጨቶች መካከል፣ የሁላችንም እግር ስንወዛወዝ አፈሩን እየፋቀ ከቦረቦረው ጎድጓዳ ቦታ በታች። አባታችን እንጨቶቹን ለመትከል ከቆፈሩት ጉድጓድ የአንድ ክንድ ያህል እንኳ አትርቅም። የእኔ ልጅ በዚያው ሳምንት ቁፋሮው እስኪጀመር ድረስ እላይዋ ላይ ትወዛወዝ ነበር። ሰዎች ሁሉ ከሰፈሩ ሲወጡ፣ የጦር ባለሙያዎች ሲመጡ፣ ፖሊስ መንገድ ሲዘጋ እኔ የማየው የልጄን ጫማ ነበር፤ ጫፉ በአፈር የተበላ ጫማ።

ጋሽ ተሸካሚ አባታችንን ለመጠየቅ መጥተው እኛ ቤት ነበሩ። በሰው ተደግፈው ወጡና ከፖሊሱ ገመድ ጀርባ ቆመው ቦታውን አዩት። ከሁላችንም ያልደነገጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ምን ይገርማችኋል? ከፊቷ ነው የቀበርናት፤ አባታችሁ አልነገራችሁም?» አሉን። ፊቷ ዳገቱ አይደለም ወይ ብለን ጮኽንባቸው። «ጠዋት ነዋ! ከሰዓት ጠላት በሜዳው በኩል ዞሮ ሲመጣብን አዙረናት ነበር፤ ስንቀብራት ፊቷ ይሄ ነበር። አባትሽ አያውቅም እንዴ . . .» ብለው ሳይጨርሱ ነገሩ ገባቸው። አባታችን እኮ ያኔ ከቁስለኞቹ ጋር ወንዙን ተሻግረው ሄደዋል። ጋሽ ተሸካሚ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የሚጠብቀው የትኛውን ነው?» እያሉ ሰውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር።

ባለሙያዎቹ ቅምቡላዋን በአሸዋ ሸፍነው ወደ ድንጋይ ካባው ወሰዷት፤ ከሰዓት እዚያ እንደሚያፈነዷት ነገሩን። እኛ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመን እንነጋገር ጀመር። ታላቅ ወንድማችን «እንዳትነግሪያቸው፤ ልጆቹን ሁሉ እጃቸውን ይዘው የት ያደርሷቸው እንደነበር ካወቁ እዚያው ልባቸው ይቆማል» አለኝ። እናታችን ብቻ «ካልተነገራቸው አይሞቱም፤ እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ» አሉ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔም ገባሁ።

ገና አልጋቸው ጋ ሳልደርስ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣና የመስኮቱ መስታወት ተንዘረዘረ። ነርሷ ደነገጠች፣ እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ሲዘጋ የሚበረግጉት አባታችን ግን አልበረገጉም። ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ጭምብሉን ገለጡና «ወጣች?» አሉኝ።

«ወጣች» አልኳቸው።

«ከየት?»

በዚያች ቅጽበት ያለፈብኝን ለማንም አልመኝም። «ከፊቷ፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚህ ቃል ውስጥ ውሸት የለም፤ አነጣጣሪው የነገራቸው ያንኑ ነው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ልጆቹስ?» አሉ። የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም። ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንድም የተነካ የለም አልኳቸው፤ ከቤታችን ጀምሬ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ፣ አሁን ጢም ያበቀሉትን ሳይቀር፣ በየቅጽል ስማቸው ጠራሁላቸው። ሁለት መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ፣ አየት አደረጓቸውና ገጠሟቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ቀጥሉ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

በማግሥቱ ዓርብ ማለዳ አባታችን በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። እናታችን ራስጌያቸው ነበሩ። ቀና ብለው እኛን አዩንና የተናገሩት ቃል «ወጣች» የሚል ነው፤ የአባታችንን ነፍስ ማለታቸው ነበር።

ይህን በአደባባይ እንዲነበብ የጻፍነው ዛሬ አስከሬናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ማለት ይቻላል፣ በዚያ ዥዋዥዌ ላይ የተወዛወዙ ስለሆኑ ነው። የትኛው መሬት ላይ እንዳደጋችሁ ማወቅ ይገባችኋል። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት የተሳሳተውን ጎን ነው፤ ያም ኦፕሬተር ግን ከማሽኑ የወረደው እሳቸው ባስተማሩን ጭንቀት ተነዝንዞ ነው። ይህንንም ሳያውቁ አርፈዋል ብለን እናስባለን። እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሞርታር አጉራሽ ነበሩና «የትኛው ፊቷ?» ብለው ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር። አልጠየቁኝም።

አባታችን ከባለቤታቸው ጋር በትዳር ሲኖሩ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል፤ የልጅ ልጆችም አይተዋል። ጋሽ ተሸካሚ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል፤ እንደ ወንድም ሐዘንተኛ ናቸውና አጽናኗቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን፣ በተለይም እኔን ችሎ ለቆየው ለወጣቱ ኦፕሬተር፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጥ፤ «ቀጥሉ» ብለውናልና እንድንቀጥል ያበርታን። የአባታችንንም ነፍስ ወለሉ ከማያሰጋ፣ በሩንም ሳያንኳኩ ከሚገቡበት ቤት ያሳርፍልን።